ቴፑ ሳይነካ

«መኪናዬ ከፋብሪካ ይዛው የመጣችውን ቴፕ የነካ ልጄ አይደለም» ብለዋል አባቱ። ስለዚህ ልጁ ቴፑን እንዳለ ተወውና አምፕሊፋየሩንና ትልቁን ባፍል ከኋላ ወንበር ሥር አስደበቀ።

«ሽማግሌው ቢነቁብህስ?» አለው ኤሌክትሪሺያኑ።

«አባዬ? ጥሩምባ እንኳ አይሰማም። ለጆሮው ጸበል ከጀመረ ዓመት አለፈው።»

እሁድ ጠዋት አባትየው መኪናቸው ውስጥ ገብተው እንደ ልማዳቸው ሬዲዮውን እስከ መጨረሻው ከፈቱት። የዜና አንባቢው ድምፅ የግቢውን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው። ልጁ በረንዳው ላይ ደርቆ ቀረ። አባቱ ቴፑን በጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱት፤ ያው የድሮው ነው። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ዘነቡ!» ብለው ሚስታቸውን ተጣሩ። «ጸበሉ ሠራ! ጆሮዬ ተከፈተ! ሁሉን እሰማለሁ!»

እናትየው ከወጥ ቤት ብቅ አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ከመቼ ጀምሮ?»