የአድማሴ ፖስታ

ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። አልጋውን በእኔ በኩል ብቻ አነጠፍሁ፤ በእሱ በኩል ያለው እንደተነጠፈ ነው የሚያድር። ፊቴን ታጥቤ ጥቁር ቀሚሴን ለበስሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ቁልፍ፣ ስልክ፣ አንዲት የታጠፈች ወረቀትና የባለቤቴን የአድማሴን የመድኃኒት ፖስታ ከተትሁ። ከዚያ ከጎንደር በሚኒባስ ወጥቼ፣ አዘዞን አልፌ፣ የሚያውቀኝ ሰው የለም ብዬ ጠዳ ወረድሁ።

መድኃኒት ቤቱ ጠባብ ነው። አግዳሚው ላይ በትራቸውን ጉልበታቸው መሐል ያቆሙ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ከባንኮኒው ጀርባ ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ አፏን በጭምብል የሸፈነች ባለሙያ መደርደሪያ ትፈትሻለች።

«ምነው ቆምሽ ልጄ? ተቀመጪ እንጂ» አሉኝ ሽማግሌው። «የኔን የጉልበት ቅባት እየፈለገች ነው፤ ካገኘችው። ጥቁሩ ለማነው?»

«ለባለቤቴ።»

«እግዜር ያጥናሽ።»

«አሜን፣ አያ።»

ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ወረቀቷን በባንኮኒው ላይ ገፋሁላት። በአፌ እንዳልናገረው ትናንት የጻፍሁት ነው፦ የብልት ፈንገስ፣ በዐሥር ወር ውስጥ ሦስተኛ ጊዜ። እንዳይመለስብኝ ፕሮባዮቲክ፣ ጠቃሚ ባክቴሪያ ያለበትን እንክብል፣ እፈልጋለሁ።

ባሏን ከቀበረች ዓመት ያልሞላት ሴት ይህን ስትጠይቅ የሰማ ሰው ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ። ሕመሙ ወንድ ሳይኖርም እንደሚመጣ ደግሞ ከብዙ ሰው በላይ አውቃለሁ። ማወቄ ግን የፊቴን ትኩሳት አላበረደውም።

ባለሙያዋ አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ ዓይኔን አየችው።

«መምህር ፀደይ?» አለች በሹክሹክታ። «ጽሕፈትዎን ነው ያወቅሁት። ዓመቱን ሙሉ ከሰሌዳ ስገለብጠው አልነበር።»

ጭምብሏን ዝቅ አደረገች። ቃልኪዳን ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ማይክሮባዮሎጂ ያስተማርኋት፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ ልጅ። ወረቀቷን ልቀማት እጄን ብዘረጋ፣ ቀድማ ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከትታታለች።

«ፕሮባዮቲኩ አለ» አለች፣ ለእኔ ብቻ እንዲሰማ። «ግን ይከላከላል ብዬ ልሸጥልዎ አልችልም፤ ማስረጃው ገና ነው። እርጎም የሚመክሩ አሉ፤ እንኳን አሁን በጾም፣ በፍስክም ቢሆን እርግጠኛ አይደለሁም። በቅርቡ አንቲባዮቲክ ወስደው ነበር?»

«አልወሰድሁም።»

«እንግዲያው ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ ስኳርም ሊሆን ይችላል። ሆስፒታል ሄደው ይመርመሩ።»

ሆስፒታሉ የአድማሴን አስከሬን የተቀበልሁበት ነው። በየክፍሉ ያስተማርኋቸው ልጆች አሉ። እዚያ ከመሄድ እውነቱን መናገር ይሻለኛል።

ሽማግሌው በበትራቸው ወለሉን መታ መታ አደረጉ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ አህያዬን ከሰው በር ላይ ነው ያሰርሁ።»

«መጣሁ፣ አያ በላቸው። አህያዋስ ከእርስዎ ትሻላለች፤ ትታገሣለች።»

ቦርሳዬን ከፍቼ ፖስታውን ባንኮኒው ላይ አኖርሁት። ከእጅ ብዛት ጠርዙ አልቋል። በላዩ በእስክርቢቶ ተጽፏል፦ አድማሴ ማሩ። አሞክሳሲሊን። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለዐሥር ቀን።

አድማሴ የወሰደው ሁለት ቀን ነው።

«የተረፈው እንዳይባክን ብዬ ነው» አልሁ። «ጉሮሮዬን በከረከረኝ ቁጥር፣ ሁለት ሦስት ቀን።»

ጉሮሮዬን የከረከረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሌላውን ጊዜ እሱ ሲናፍቀኝ ነው የዋጥሁት።

ቃልኪዳን ስሙን አነበበችና ጥቁር ቀሚሴን አየች። ስለ ስሙ ምንም አልጠየቀችኝም። ፖስታውን ከፈት አድርጋ አየች፤ አራት ፍሬ ቀርቷል።

«እርስዎ ነዎት የነገሩን» አለች ቀስ ብላ። «አንቲባዮቲክ አረሙን ከጤፉ አይለይም፤ ማሳው ባዶ ሲቀር ቀድሞ የሚበቅለው አረሙ ነው ብለው።»

«ብያለሁ።»

አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር።

የፈንገሱን መድኃኒት ሰጥታ አወሳሰዱን ጻፈችልኝ። ከዚህ በኋላ ከተመለሰ ሳልመረመር ምንም እንዳልወስድ ነገረችኝ። ከዚያ ፖስታውን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ይሄን እኛ እናስወግደዋለን። ልውሰደው?»

«ውሰጂው» አልሁ። ድምፄ ክፍል ውስጥ የማስተምርበት ድምፅ ሆኖ ወጣ።

የሚጣሉ መድኃኒቶች ካሉበት ካርቶን ውስጥ አስቀመጠችው እንጂ አልወረወረችውም።

«ሸጋ መድኃኒት ሰጠችሽ?» አሉ አያ በላቸው፣ በፊታቸው ሳልፍ።

«ሸጋ ነው፣ አያ።»

ውጭ አህያዋ የጎረቤቱን በር ዘግታ ቆማለች። ሚኒባሱ ሲመጣ ለታሪፉ ቦርሳዬን ከፈትሁ። ቁልፉ አለ። ስልኩ አለ። ቃልኪዳን የሰጠችኝ መድኃኒት አለ። የአድማሴ ፖስታ የለም።