ስሙ አይጠራም

በባሕር ዳር ባለው የሱንዳርባን ደን ነብርን በስሙ የሚጠራ ሰው የለም። ስሙን ያነሳ ጠርቶ ያመጣዋል ይባላል። ስለዚህ ትንሹም ትልቁም «አጎት» ነው የሚለው፤ እንስቷም ብትሆን ያው «አጎት» ናት።

የጥብቁ ደን ጠባቂ ሽማግሌው ሞክሌስ አንዲትን ነብር አሥራ አንድ ዓመት ጠብቋል። ወንዙ ከባሕር በሚቀላቀልበት ጭቃ ላይ ዱካዋን ለጎብኚ ያሳያል፤ የምትተኛበትን የውሃ ቦይ ዳርቻ ግን ለአለቆቹም ተናግሮ አያውቅም። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። «ሞክሌስ እኮ ያገባው አጎትን ነው» እያለ መንደርተኛው ይስቅበታል። እሱም አብሮ ይስቃል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የሸርጣን አጥማጁን የኦሂድን ጀልባ ጠባብ ቦይ ውስጥ አገኛት። ከዛፍ ጋር ጥብቅ ተደርጋ ታስራለች። ውስጧ የኦሂድ ልጅ ቱኒ ኩርምት ብላለች። ገና ስድስት ዓመቷ ነው፤ እናቷ አምና ስለሞተች አባቷ ይዟት ነበር የሚወጣው። የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ደም አለ። ጭቃው ላይ ዱካ የለም፤ የባሕሩ ሙላት ጠርጎት ይሆናል።

«አባትሽስ፣ የኔ ልጅ?»

«አጎት ወሰደው።»

ሞክሌስ ልጅቷን አቅፎ ወደ ራሱ ጀልባ አሻገራት።

መንደር ሲደርሱ ሰዉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ቱኒ ከሽማግሌው ጀርባ ተሸሸገች። ከሁሉ የባሰበት የሟች እናቷ ወንድም ኬራማት ነበር። ታጥቦ ያልደረቀ ልብሱን እንደለበሰ መሬት ላይ ተንከባለለ። ልጅቷንም፣ ከእናቷ የወረሰችውንም መሬት እኔ እይዛለሁ ብሎ በሰው ፊት ማለ።

«አንተ ሽማግሌ!» አለ ተነስቶ። «አውሬዋ የት ነው የምትተኛው? ሰው ከቀመሰች ወዲያ ነገ የማንን ልጅ ልትበላ ነው?»

«መግደል ሕጉ አይፈቅድም። ከከተማ ይምጡና አደንዝዘው ይውሰዷት።»

«ወይ ሕግ! ለአውሬ ሕግ አለ፤ ለኦሂድስ?»

«እውነቱን ነው!» አሉ ሴቶቹ።

ሞክሌስ ጎንበስ አለ። «ቱኒዬ፣ በዓይንሽ አይተሻል?»

ኬራማት ዓይኑን ልጅቷ ላይ ተከለ።

«አይቻለሁ። አጎት ነው። አባዬ ጮኸ፣ ከዚያ ዝም አለ።»

ሕፃን ምን ብሎ ይዋሻል? ሞክሌስ እያለቀሰ ቦዩን ተናገረ። ወዲያው ቆጨው፤ ግን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ጦርና ገጀራ የያዙ ወንዶች ጀልባቸውን እየገፉ ሄዱ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ነብሯን በወፍራም እንጨት ተሸክመው መጡ። ጡቶቿ ወተት አግተዋል። ሞክሌስ ይህን ሲያይ አፉን በመዳፉ ያዘ። ደቦሎቿን እዚያ ጭቃ ውስጥ ማን ይፈልጋቸዋል? አሥራ አንድ ዓመት የጠበቃትን በገዛ አፉ አስገደላት። ቢሆንም ይህቺ ምስኪን እፎይ ብላ ትተኛ እንጂ ብሎ ራሱን አጽናና፤ ቱኒንም እጇን ይዞ አስጠጋት።

«አየሽ፣ የኔ እናት? አጎት ሞተ። ከእንግዲህ አትፍሪ።»

ቱኒ ሬሳውን አየች። ቀና ብላ ደግሞ ገጀራውን በሣር የሚጠርገውን ኬራማትን አየች።

«አልሞተም እኮ፣ አባባ» አለች በሹክሹክታ። «ያውና ቆሟል።»