ያልቆሸሸው ካልሲ

የፊልም ቡድኑ ልብስ አጣቢ ሃያ ዓመት ሙሉ አንዲት ካልሲ ጠፍታባት አታውቅም። ዘዴዋ ቀላል ነው፤ ጥንዱን በመርፌ ቁልፍ አያይዛ ታጥባለች፣ አያይዛ ታሰጣለች። የተዋንያኑንም አመል በካልሲያቸው ታውቀዋለች። ማን እግሩን እንደማይታጠብ እሷን ጠይቋት!

የግራ እግሯ ከልጅነቷ ጀምሮ አጭር ነው። ስትራመድ ወዲህና ወዲያ ትላለች፤ አፏ ግን አያነክስም።

አሁን የሚቀረጸው ፊልም ኮሜዲ ነው። አንድ አንካሳ ዘበኛ ያነክሳል፣ ይወድቃል፣ ሰው ይስቃል፤ በቃ። ዘበኛውን ሆኖ የሚሠራው አገር ያወቀው ኮሜዲያን ነው።

ይሄ ኮሜዲያን አልጥማት ብሏል። ልብሱን በር ቆልፎ ብቻውን ይለብሳል። ጭቃ ውስጥ የተቀረጸ ቀን፣ ሁሉም ጫማውን አውልቆ ቧንቧው ሥር እግሩን ሲለቃለቅ፣ እሱ መኪና ውስጥ ተጎልቶ ቀረ። «ኩራት ሊገድለው ነው» አለች።

ካልሲውማ ጉድ ነው! የቀኙ አፍንጫ ይበጥሳል። የግራው ግን አጥፋ እንደሰጠችው ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

«አንተ፣ አንዱን እግርህን ብቻ ነው እንዴ የሚያልብህ?»

«ግራው ጨዋ ነው፣ እቴቴ» ብሏት ሄደ።

ልብስ ተሸክማ ግቢውን ስታቋርጥ ደግሞ ቆሞ እግሯን ያያል።

«ምን ታያለህ?»

«እንደልብሽ ስትራመጂ ታስቀኚኛለሽ።»

ሽሙጥ መሰላት። ነገሩም የዚያኑ ቀን ገባት። የእሷም የግራ ካልሲ ተረከዙ አይቆሽሽም፤ መሬት አይነካማ! ሰውዬው አረማመዷን መስረቁ አልበቃ ብሎት እስከ ካልሲዋ ድረስ ሊቀዳት ነው።

በማግስቱ ካውያዋን እንደያዘች ቀረጻው ቦታ ሄዳ ቆመች። ኮሜዲያኑ አነከሰ፤ ወዲህ፣ ወዲያ። የራሷ አካሄድ! መብራት ያዡ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ዳይሬክተሩ «ከት!» ሲል ኮሜዲያኑ ቀጥ ብሎ ወደ ወንበሩ ሄደ። ላብ ላብ ያለው ሲያነክስ ሳይሆን ያኔ ነው።

«እግሬን መልስ!» ብላ መሀል ገባች።

«ምን ሆነሻል፣ አንቺ ሴትዮ?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ሃያ ዓመት ጉዳችሁን አጥቤአለሁ፤ በእግሬ ግን አትስቁም! ማንከስ ካስፈለጋችሁ አንካሳ መች ጠፋ? ጨዋታ የሚያውቅ አንካሳ ቅጠሩ፣ እሱ ራሱ ያስቃችሁ! እኔ እንኳን አፌን ብከፍት ሦስት ፊልም ይወጣኛል!»

«ደረጃ ላይ ቢወድቅብኝስ? ቢያስረፍደኝስ? ይሄ ሥራ ሙሉ ሰው ይፈልጋል። በእኔ ፊልም አካሉ የጎደለ ሰው አይሠራም፤ ጨርሻለሁ።»

«እኔም ጨርሻለሁ! ልብሳችሁን ራሳችሁ እጠቡ!» ካውያውን ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው ስክሪፕት ላይ ጓ አደረገችውና ለመሄድ ዞረች።

«ቆይ፣ እቴቴ» አለ ኮሜዲያኑ። ወደ ዳይሬክተሩ ዞረ። «ስክሪፕቱ ካዘዘው ውጪ ስንት ጊዜ ወደቅኩብህ?»

«አንተ? አንዴም።»

«ስንት ቀን አስረፈድኩህ?»

«ምን ነካህ፣ አንድም ቀን!»

«ጎሽ። ይቺን ቃልህን እንዳትረሳት።»

ኮሜዲያኑ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ጎንበስ አለና እጁን በግራ ሱሪው ውስጥ ሰደደ። አንድ ነገር ቀጭ አለ።

ጫማውን ከነካልሲው ከነእግሩ አውጥቶ ስክሪፕቱ ላይ፣ ካውያው አጠገብ አቆመው።