የእሑድ አንሶላ

መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፍቼ የእናቴን ነጭ አንሶላ ወደ አደባባዩ አወርደዋለሁ። እንዳይበር የላይ ጫፉን መስኮቱ ደፍ ላይ በሁለት የብረት ድስት እጫነዋለሁ። አርጅቻለሁ፤ ልቤስ ዛሬ ደኅና ነው።

ከታች፣ በጦርነት የሞቱትን በምናስብበት በዚህ የኅዳር እሑድ፣ ቲልማን የሚባል የፓርቲ ሰው ማይክ ይዞ አዲስ የመታሰቢያ ድንጋይ ያስመርቃል። ምርጫ ደርሷላ! ድንጋዩ ላይ የወንድሜን ስም አስቀርጿል። እኔን የጠየቀኝ የለም።

«ኤበርሃርድ ፖል!» ይላል። «የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ! የገደለው ባዕድ ነው! ዛሬም ባዕድ በራችን ላይ ነው!»

ውሸታም! ባዕዱ ጦር የገባው እሱ በሞተ ማግስት ነው። ወንድሜ ከተማችን እንዳትቃጠል ብሎ፣ እጅ ሰጥተናል ለማለት ይህንኑ አንሶላ በዚሁ መስኮት ሰቀለ። የእኛው ጀርመኖች፣ የሂትለር ወታደሮች፣ ከቤት ጎትተው አወጡትና አደባባዩ ላይ ካለው የሊንደን ዛፍ ሰቀሉት። እናቴ አንሶላውን አጥባ፣ ተኩሳ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲያ በዚህ ከተማ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ዝም ባልንበት ባዶ ቦታ ይኸው ይሄ ሰውዬ መጥቶ ሰፈረበት።

«ቫልትራውት!» ጎረቤቴ ጉድሩን ከታች ትጮኻለች። «አበድሽ እንዴ? በእሑድ ቀን የታጠበ ልብስ ይሰጣል?»

እኛ ዘንድ በእሑድ ቀን ልብስ ከማስጣት መስረቅ ይሻላል።

«ልብስ አይደለም! ደኅና አድርገሽ እዪው!»

ሰው ሁሉ ቀና ይላል። «እማማ ጽዳት ላይ ናቸው!» ብሎ ቲልማን ያሾፋል። ወጣቶቹ ይስቃሉ። ሽማግሌዎቹ አይስቁም።

«የኤበርሃርድ አንሶላ ነው!» እላለሁ፤ ማይክ አያሻኝም። «በዚህ አንሶላ ምክንያት ነው የሰቀሉት፣ የገዛ ወገኖቹ! ወንድሜን ለምርጫህ አላውስህም!»

«ወይዘሮ ፖል፣ ረስተውት ይሆናል፤ ዕድሜም...»

«ዕድሜዬን ተወው! ማንፍሬድን ጠይቀው!»

ዳቦ ጋጋሪው ማንፍሬድ ለድንጋዩ የመጣውን የአበባ ጉንጉን ይዞ ከቲልማን ጎን ቆሟል። ወንድሜ በተሰቀለበት ጠዋት፣ ሁለታችንም ልጆች ሳለን፣ እጄን ይዞ ከዛፉ ሥር አብሮኝ የቆመ እሱ ነው። ዕድሜያችንን ሙሉ ስንገናኝ ያወራነው ስለ ዳቦ ብቻ ነው።

አሁን አንሶላውን ትክ ብሎ ያያል። ጥጉ ላይ እናቴ በቀይ ክር የጠለፈችውን ስሟን ያውቀዋል። ተናገር እንጂ፣ አንተ ሰው! እላለሁ በሆዴ።

«አቶ ማንፍሬድ፣ ጉንጉኑን እባክዎ» ይላል ቲልማን፣ ወደ ድንጋዩ እያመለከተ።

ማንፍሬድ ቆቡን ያወልቃል። በድንጋዩ አጠገብ አልፎ፣ በሚያነክስ እግሩ ቀስ እያለ ይሄድና ጉንጉኑን ከሊንደኑ ሥር ያኖረዋል።