ከእጥፉ በላይ

«አንድ ጊዜ ክፈችውና እንየው እንጂ፣ እቴቴ» አለች የባሏ እህት፣ ስልኳን ለመቅረጽ ደግና።

ጥርስ ሠሪዋ በእጇ የነበረውን ሰው ሠራሽ ጥርስ ወደ ጥርሶቹ ሳጥን መለሰች። የምሳ ሰዓት ስለሆነ ማሽኖቹ ጸጥ ብለዋል። ጠረጴዛው ላይ ከተደረደሩት የጄሶ መንጋጋዎች መሃል ታብሌቷ በርቷል። የሚታየው ከላይ ወርደው ባዶው ቦታ አፋፍ ላይ የቆሙ ሁለት አጫጭር መስመሮች ብቻ ናቸው።

የልጅ ጨዋታ ነው። ኢንተርኔት ላይ ባለች አንዲት ገጽ አንዱ የሆነ ፍጡር ጭንቅላት ይስላል፤ ገጿ ታጥፈውና የአንገቱን ጫፍ ብቻ ለሌላው ታሳያለች። ሌላው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ሆድና እግር ይቀጥልለታል። ሲጨርስ እጥፉ ይገለጣል፣ ከዚያ መሳቅ ነው። ላይክ የለው፣ ተከታይ የለው። ባሏ ከሚሠራበት ጋራዥ፣ እሷ ከጄሶዋ መሃል ሆነው ለዓመታት ተሳስቀውበታል። የሱ ፍጡሮች ሁሉ ድዳቸው ባዶ ነበር። «ጥርስ ያንቺ ሥራ ነው፤ በሰው ሥራ አልገባም» ይላት ነበር።

የመጨረሻውን ልኮላት በማግስቱ ሞተ። ልቡ ነው አሉ። እሷ እግሩን ካልሳለች ጭንቅላቱ አይታይም፤ ከታየ ደግሞ ከሱ ዘንድ ሌላ የሚመጣ ነገር የለም። ይኸው ነው ወራቱን ሙሉ አስሮ የያዛት። ሥራ ላይ ሆና እንኳ ከእጥፉ በላይ የሆነ ነገር ቁጭ ብሎ የሚጠብቃት ይመስላታል፤ ያን ጊዜ ማጅራቷን ይቀዘቅዛታል።

«የጋሼ የመጨረሻ ሥዕል እኮ ነው! ብንለጥፈው ስንቱ ሰው ያለቅስለታል።»

«እንዲለቀስለት አይደለም የሳለው።»

«ያኔ የለጠፍሽውንስ ሰው ወዶት አልነበር?»

ወዶት ነበር። ከቀብሩ በኋላ አንዱን የድሮ ፍጡር ፌስቡክ ላይ አውጥታው የልብ ምልክቱ ጎርፎ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ስልኳን ስትከፍት ስትዘጋ ከረመች፤ የሚመጡት ልቦች ሲቀንሱ ከፋት። ሥዕሉን ራሱን ካየችው መቆየቷ ትዝ ሲላት ግን በራሷ አፈረችና ከፌስቡኩ አጠፋችው።

«ስልኩን ተይውና አጠገቤ ተቀመጪ» አለቻት። «በዓይንሽ እይ። ወንድምሽ ነው።»

የባሏ እህት ስልኳን ኪሷ ከትታ ተቀመጠችና የጥርስ ሠሪዋን ጋዋን ጫፍ ጨብጣ ያዘች። ለካ እሷም ፈርታ ኖሯል።

ጥርስ ሠሪዋ መጀመሪያ ለሐዘን የሚገባ፣ ሰው ቢያየው የማያሳፍር ደህና አካል ልትስል አሰበች። ግማሽ ትከሻ ስላ ደመሰሰችው፤ እሱ ቢሆን ይስቅባት ነበር። ስለዚህ እንደ ድሮው አደረገች፦ ድንች የመሰለ ቦርጭ፣ እምብርቱ ላይ የበር እጀታ። አንዱ እግር የዳክዬ ሆነ፤ ሌላው አውራ ጣቱ በተቀደደ ካልሲ ወጥቶ ቀረ። የባሏ እህት ሳቅ አመለጣት።

«ጨርሻለሁ» የሚለውን ተጫነች። እጥፉ ቀስ ብሎ ተገለጠ።

ትልቅ ራሰ በራ ጭንቅላት ነው። አፉን እስከ ጆሮው ከፍቶ ይስቃል፤ ውስጡ አንድ ጥርስ የለም። ዓይኖቹ ግን ወደ ፊት አያዩም። ሁለቱም ወደ ታች ተተክለዋል፣ እሱ ሲስል ገና ባዶ ወደነበረው ቦታ። አሁን የሚያዩት የተቀደደውን ካልሲ ነው።

«እያየ ነው» አለች የባሏ እህት በሹክሹክታ።

ጥርስ ሠሪዋ እንባዋ ቢመጣም አልጠረገችውም። ከሳጥኑ አንዲት ትንሽ የፊት ጥርስ መርጣ፣ በስክሪኑ መስታወት ላይ፣ ባዶው ድድ መሃል አስቀመጠችለት።