የአባ ሙሄ ካብ

ዑሙልኸይር ድንጋይ የጫነውን ባሬላ በእግሯ ትገፋዋለች። ሁለቱ ተሸካሚዎች ይንገዳገዳሉ፤ ድንጋዩ ተገልብጦ ቁልቁል ይንከባለላል።

«ያ ረቢ! ኩን ማሊ! ምንድን ነው ይኼ? መልሱት! ወላሂ አንድ ድንጋይ ከዚህ አያልፍም!»

ማሳዋን ከግርጌ የያዘው የአባቷ ካብ አርባ እርምጃ ያህል ፈርሷል። ጭቃ የለው፣ ሲሚንቶ የለው፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ስድሳ ክረምት የቻለ ካብ ነው። ከአባቷ የወረሰችውም ይኼንኑ አንድ ማሳ ነው። ካቡን ሲያፈርሱት እሷ ከሚሴ ገበያ ነበረች።

የአፈር ጥበቃ ዘመቻው ዛሬ ያልቃል፤ ለቀበሌው የተመደበው የእርከን ርዝመት ግን ጎድሏል። ዘማቾቹ ድንጋይ ፍለጋ ሩቅ መሄድ ሰለቻቸው። አሮጌው ካብ ደግሞ በሪፖርት አይቆጠርም። ስለዚህ አሮጌውን አፍርሰው እዚያው አጠገቡ አዲስ ሠሩበት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

የእርሻ ባለሙያው ሪያድ ሜትሩን እየጠቀለለ ይመጣል። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እሷን የበለጠ የሚያናድዳት ይኼው ነው።

«እናቴ፣ ይረጋጉ። ቅጹ የሚጠይቀው አዲስ የተሠራውን ነው። ለአሮጌው ቦታ የለውም።»

«ለአሮጌው ቦታ የለውም? አሮጌው አይደል ያበላን! ጨፋ ውረድና የቦርከናን ወንዝ እየው። በክረምት ቀልቶ የሚወርደው የማን አፈር ነው? ካብ የሌለው ሰው አፈር ነው!»

ሪያድ ወደ ቡድን መሪው ወደ እንድሪስ ያያል። እንድሪስ መሬት መሬቱን ያያል። እንድሪስን ካብ መካብ ያስተማሩት የዑሙልኸይር አባት ናቸው። ድንጋይ ፊትና ጀርባ እንዳለው፣ ውሃ መውጫ ካልተተወለት የካብ ሆድ ተነፍቶ እንደሚፈርስ፣ ሁሉንም ከአባ ሙሄ እጅ ነው ያገኘው። ንዴቷ ከባለሙያው ተነስቶ እሱ ላይ ያርፋል።

«አንተ የበላህበትን ወጪት ሰባሪ! አንተ ነህ ያፈረስከው?»

«ዑሙ፣ ቀኑ አለቀ። ታዘዝን። እኔ ምን ላድርግ?»

«እሺ። ካብከው አይደል? ሂድበት።»

እዚህ አገር ካብ የካበ ሰው ሲጨርስ ጫማውን አውልቆ በላዩ ይሄድበታል። አንድ ድንጋይ ከእግሩ ስር ከተነቃነቀ አፍርሶ እንደገና ይክባል። አባ ሙሄ በሰባ ዓመታቸው እንኳ ሳይሄዱበት የተዉት ካብ የለም። ዛሬ በአዲሱ እርከን ላይ የሄደበት ሜትሩ ብቻ ነው።

እንድሪስ ባለሙያውን ያያል፣ ሰዉን ያያል፤ ከዚያ ከነጫማው ይወጣበታል። አንድ። ሁለት። በሦስተኛው እርምጃ ድንጋዩ ይከዳዋል፣ እርከኑ ይናዳል፣ እንድሪስ በጉልበቱ ይወድቃል። የሚስቅ የለም።

«ስንት ሜትር ነው የተናደው?» ይላል ሪያድ ቀስ ብሎ።

ዑሙልኸይር ጀርባዋን ትሰጠዋለች። አፏን ብትከፍት እጇም ይከተላል። ወደ አባቷ ካብ ትመለሳለች። በፈረሰው በኩል ደረቁ አፈር ከወዲሁ እየተንሸራተተ ይወጣል፤ ገና ጠብታ ዝናብ ሳይጥል። በልግ ደግሞ ደጅ ላይ ነው።

ክፍተቱ ላይ ቁጭ ብላ አፈሩን በጀርባዋ ትደግፋለች። ሞኝነት እንደሆነ ታውቃለች፤ አርባ እርምጃ በአንድ ሴት ጀርባ አይያዝም። ግን ከተነሳች ሰው ትመታለች።

ከፊቷ አንድ ሰው ይቆማል። እንድሪስ ነው። ጉልበቱ ተልጦ ይደማል፤ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ታቅፏል።

«አፉ በይኝ፣ ዑሙ። ፈቀቅ በይ፤ የመሠረቱ ድንጋይ ነው።»

አትንቀሳቀስም። ድንጋዩ ከእቅፉ ሊያመልጥ ሲል ታያለች። ይክበደው።

«መጀመሪያ ጫማህን አውልቅ» ትለዋለች።

እንድሪስ ድንጋዩን ሳያወርድ፣ አንዱን ጫማ በሌላኛው እግሩ እየረገጠ ማውለቅ ይጀምራል።