«ሳንቃው ጠንካራ ነው»

«ሳንቃው ጠንካራ ነው» ይላል ቪከርስ ጣሪያው ላይ ቆሞ። «የላዩ ሽፋን ይቀየርና በቃ።»

ኧርሊን ጊድሪ መሰላሉ አጋማሽ ላይ ሆና፣ አንገቷን ከጣሪያው ጠርዝ በላይ አስግጋ ታየዋለች። ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናት። አውሎ ነፋሱ የሌክ ቻርልስን ከተማ ከመታ ወዲህ የምትኖረው ግቢዋ ውስጥ በቆመ ተጎታች ቤት ነው። የጣሪያውን ጉዳት እንዲገምት ቪከርስን የላከው ኢንሹራንሱ ነው። እሷም ዴልማር የሚባል ገማች ቀጥራለች። ሁለቱ ገማቾች መስማማት ስላቃታቸው ዛሬ የሚዳኛቸው ሦስተኛ ሰው መጥቷል፤ ሽማግሌው ፎንትኖ። ከሦስቱ ሁለቱ ከፈረሙ ነገሩ አለቀ።

«በስብሷል እኮ» ይላል ዴልማር፣ መሰላሉ አጠገብ ጣሪያው ላይ ቆሞ። «ዝናብ ሲጠጣ ነው የከረመው።»

«ወይዘሮዋ በኩባንያው ገንዘብ አዲስ ቤት አምሯቸዋል» ይላል ቪከርስ።

«ውሸታም ነሽ እያልከኝ ነው?» ትላለች ኧርሊን።

«እንደዚያ አልወጣኝም።»

«አይወጣህማ። ፊት ለፊት መናገር የት ታውቅና።»

«እማማ፣ ተዪው» ይላል ዴልማር።

«አንተ ዝም በል። እዚህ ያደረሰን ያንተ መለማመጥ ነው።»

ፎንትኖ በወዲያኛው ጫፍ ተንበርክኮ ምስማር ሲነካካ ቆይቶ ቀና ይላል።

«ቪከርስ፣ እስቲ ና፤ ይህን ተመልከት።»

በቪከርስና በፎንትኖ መካከል ያለው፣ ዝናብ እንዲከልል ተወጥሮ የነበረው ሸራ የተገፈፈበት ቦታ ነው። ሳንቃው ጠቁሮ፣ መሀሉ ትንሽ ረግቧል።

ቪከርስ አይንቀሳቀስም።

«ምን ትጠብቃለህ?» ትላለች ኧርሊን። «ጠንካራ ነው አላልክም? ሂድበታ።»

ቀኝ እግሩን ያነሳል። ጫማው ከሳንቃው በላይ አየር ላይ ይቀራል። ከዚያ እግሩን ይመልስና፣ የጣሪያውን አናት በእጁ እየተደገፈ፣ ዙሪያውን ዞሮ ይሄዳል።

ፎንትኖ እስኪደርስ ይጠብቀዋል። ምስማሩን ግን አያሳየውም፤ ማየት የፈለገውን አይቷል።

«ሳንቃው በሙሉ ይነሳል» ይላል። «ዴልማር፣ እኔና አንተ እንፈርማለን።»

«የፈለጋችሁትን ፈርሙ» ይላል ቪከርስ፣ ማንንም ሳያይ።

ዴልማር ወደ መሰላሉ ጎንበስ ይላል። «እማማ፣ አሸነፍን እኮ።»

 መሰላሉን የጨበጡት የኧርሊን ጣቶች ነጥተዋል። ዓይኗን ከዚያ ከጠቆረው ቦታ መንቀል አቅቷታል። እንደሚሰበር እያወቀች፣ እንዲረግጠው ነበር የፈለገችው።